የቢ ኑሩን እጅ ከቪዲዮ ለማውጣት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

መብራት እስከ እኩለ ቀን አልነበረም። ሲመጣ የጥርስ ሐኪሙን ባነር ጨረስኩ። ጥርሶቹን ከመጠን በላይ አነጣኋቸው መሰለኝ... የሱቁ ባለቤት ባዋዚር ከኋላዬ ቆመው አዩና «ይሄ የሰው ጥርስ ነው ወይስ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ?» አሉ። ትንሽ ቢጫ ጨመርኩበት። አሁን ሰው መሰለ።

ከሰዓት ባቱሊ መጣች። ለሠርጓ ወር አልቀራትም። የጥሪ ካርዱን ልታይ የመጣች መስሎኝ አወጣሁላት። ዞር ብላም አላየችው። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሳልሃ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምን አለው?»

«አሁንማ ምንም የለውም። በሠርግሽ ጊዜ የነበረውን ነው የምልሽ።»

ገባኝ። የቢ ኑሩን ሂና ነው። ቢ ኑሩ አያቷ ናቸው። እዚህ አሮጌው ሞምባሳ ውስጥ በእሳቸው እጅ ሂና ሳትቀባ የተዳረች ልጅ ማን አለች? ከረመዳን በፊት ግን ወደቁ። ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ አፋቸውም ተመለሰ... እጃቸው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሰው ማየት አይፈልጉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት።

ባቱሊ ሁሉን አስባ ነው የመጣችው። «የሠርግሽ ቪዲዮ አለሽ አይደል? ከሱ ላይ የሂናውን ሥዕል አውጪ፣ አጽጂው፣ ላስቲክ ላይ ቅደጂልኝ። ያንን እጄ ላይ ለጥፎ መቀባት ማንም አያቅተውም። የአያቴ ካልሆነ የማንንም አልፈልግም።»

«የት እንዳለ እንጃ» አልኳት።

የት እንዳለ አሳምሬ አውቃለሁ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከማልለብሳቸው ልብሶች ሥር። የሰውዬውን፣ የቀድሞ ባሌን ቤት ጥዬ ከወጣሁ ጀምሮ... ኧረ ከዚያም በፊት፣ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። የራሷን የሠርግ ቪዲዮ ያላየች ሴት አለች? አለች።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ሱቅ ይዤ ሄድኩ። ውስጡ ብዙ ፋይል አለ። የሂናው ምሽት የሚለውን ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥኩት።

የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ላይ ጎትቼ ጣልኩት። እንጀራዬን የማገኘው በሱ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም አላውቅም። ፎቶ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮም ይከፍታል ይላሉ። እኔ ሞክሬ አላውቅም።

አልከፈተም። ቀይ ምልክት ያለበት ሳጥን ብቅ አለ። የሚያስፈልገው ነገር ስለሌለ ፋይሉን መክፈት አልተቻለም ይላል። ምንድን ነው የሚያስፈልገው? እሱን አይናገርም።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ ማን ያነበዋል። ለባቱሊ «እምቢ አለ» ልላት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ምሳ ስበላ... ግን ለምን? አንድ ፋይል ለምንድን ነው እምቢ የሚለው?

የማይሆን ነገር ጀመርኩ መሰለኝ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

የፋይሉን ስም መጨረሻ ቀየርኩት። እንደ ሌሎቹ ቪዲዮዎች አስመሰልኩት። ምንም።


ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ከጁምዓ በኋላ ትዋሊብ ጋ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ሠርጌን የቀረጸው እሱ ነው። አሁን ማሊንዲ ውስጥ ባሕር ዳር ቱሪስት እያነሳ ይኖራል። ስሙን ቀየርኩት ስለው ሳቁ አላቆም አለው።

«አንቺ ልጅ፣ የበርበሬ ጣሳ ላይ ስኳር ብለሽ ጻፍሽበት ማለት ነው!»

«ሻይዬ ውስጥም ጨምሬዋለሁ።»

ከዚያ አስረዳኝ። የፋይሉ ስም የጣሳው ስም ነው። ውስጥ ያለው ቪዲዮ ደግሞ ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ ታጥፏል። እያንዳንዱ ካሜራ የራሱ አስተጣጠፍ አለው። የኔ ፕሮግራም የዚያን የድሮ ካሜራ ዕጥፋት መፍታት አልተማረም። ስለዚህ የሚያውቀውን ዓይነት አድርጎ የሚያጥፍ መቀየሪያ ያስፈልገኛል። የቱን እንደማወርድ ነገረኝ።

«ግን ተጠንቀቂ፣ ዋናውን እንዳትነኪ። ግልባጩ ላይ ሥሪ።»

«በማጫወቻ ብቻ ባየውስ?»

«ምንም አታዪም። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ በፋኖስ ነው የቀረጽኩት፣ ረሳሽው? እዚያ ፕሮግራምሽ ላይ ብርሃኑን ካልሳብሽው እጅ ይሁን እግር አይለይም።»

ረስቼው ነበር። ፋኖስ እንደነበር...

ደግሞም በማጫወቻ መክፈት ማለት ቁጭ ብሎ ሠርግ ማየት ነው። በፕሮግራሜ ከከፈትኩት ግን ሥራ ነው። ይሄን ለትዋሊብ አልነገርኩትም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

መቀየሪያው ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ። ባዋዚር የእጅ ኳስ ቡድኑ ፖስተር ለምን እንደዘገየ ጠየቁ። ነገርኳቸው።

«ይሄ ማተሚያ ቤት ነው ወይስ ሲኒማ?»

«የቢ ኑሩ ሂና ነው፣ አባባ።»

«ሚስቴን የቀባቻት እሷ ናት» አሉ። «ፖስተሩ ለሰኞ ይድረስ።»

ወደ ማታ ላይ አለቀ። ጣልኩት፣ ፕሮግራሙ ተቀበለው! ከታች ረጅሙ መስመር ተዘረጋ። ማጫወቻውን ስነካ ድምፅ መጣ። ሥዕል ግን የለም። ጥቁር።

ድምፁ ብቻ። የሴቶች ሳቅ፣ የብርጭቆ መጋጨት፣ ቢ ኑሩ «አትነቃነቂ ብዬሻለሁ!» እያሉ። የሹዌካም ድምፅ አለ። የሰውዬው እህት ናት፣ ከእሱ በፊት ግን የኔ ጓደኛ ነበረች። ከተፋታን በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ሰላምታ አቆሙ፣ እኔና እሷም አብረን አቆምን። ማንም አቁሙ አላለንም።

ዘጋሁት። ፋኖሱ ነው፣ ጨለማው ነው ብዬ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ሳብኩት። ያው ጥቁር። ግን አንድ ነገር ገረመኝ። በጨለማ የተነሳ ፎቶ ብርሃኑን ስትስቢው ቢያንስ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ይታያል። እዚህ አንድ ፍንጣሪ የለም። ጨለማ ከሆነ አሸዋው የት ሄደ?

ጨለማ አይደለም ማለት ነው። ባዶ ነው። ሥዕሉ ከፋይሉ ወጥቶ ስክሪኑ ጋ ሳይደርስ የሆነ ቦታ ላይ ይቀራል። የት?


እሑድ፣ ሐምሌ 12

ቢ ኑሩ ጋ ሄድኩ። ባቱሊ በግድ ነው የወሰደችኝ። ድምፁን ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴም አላወቅኩም።

አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ሰላምታዬን ለግድግዳው መለሱ።

«ቢ ኑሩ፣ የኔ የሠርግ ሂና እንዴት እንደነበር ቢነግሩኝ... በአፍዎ ብቻ። እኔ እስለዋለሁ።»

«አላውቀውም።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የሳሉት?»

«እጄ ነው የሳለው። እሱ ነበር የሚያውቀው። እኔን ጠይቆኝ ያውቃል? እኔ ወሬ አወራ ነበር፣ እሱ ይሠራ ነበር። አሁን ሄዷል። ሂጂና እሱን ጠይቂው።»

ባቱሊ ማልቀስ ጀመረች። ምን እንደማደርግ ጨነቀኝና ስልኩን ከፈትኩት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የሳቸው ድምፅ ከሁሉም በላይ ይጮኻል፤ ስለ አንዱ ዓሣ ነጋዴ ሁለት ሚስቶች የሚያወሩት ነገር ነው፣ ጸያፍ፣ እዚህ አልጽፈውም።

አዳመጡ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው።

«ይቺ ባለጌ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» ሳቁ! ባቱሊ ደንግጣ አየችኝ። ከረመዳን ወዲህ አልሳቁም ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ መላ ሰውነታቸውን እየጎተቱ ዞሩ። ወደኔ።

«ሥዕሉስ?»

«ገና እምቢ ብሎኛል።»

«ለምን?»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጃ!»


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

መጣ! ሥዕሉ መጣ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሥዕል የሚስል የተለየ ካርድ አለ። ፕሮግራሙ ሥራውን እንዲያቀልለት ቪዲዮውን ለሱ ይሰጠዋል። ካርዱ ደግሞ አርጅቷል፣ የሚያዘው ሶፍትዌርም ባዋዚር ማሽኑን ከገዙ ጀምሮ ታድሶ አያውቅም። ተቀብሎ ዝም ይላል። እምቢም አይል፣ አይሠራም። እንደዚህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ፣ አግብቼው ነበር።

ከፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ የካርዱን እገዛ አጠፋሁ። ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። መጀመሪያ ስክሪኑ እንደ ሙዝ ቅጠል አረንጓዴ ሆነና አስደነገጠኝ። ከዚያ ጠራ። ቡናማ ጨለማ። ብርሃኑን ሳብኩት፣ አሁን አሸዋው አለ! ከአሸዋው ውስጥ ሁለት እጆች ቀስ ብለው ወጡ።

አንዱ የኔ ነው። ቀለበት የሌለበት።

ባዋዚርን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩ። «ካሜራው ለምን ሙሽራዋን አያሳይም?» አሉ። እኔ እጁ ላይ ብቻ ያለውን ነው ቆርጬ የወሰድኩት። ከዚያ የሚቀጥለውን አልነካሁትም። አልነገርኳቸውም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

አዲስ ችግር። ቪዲዮውን አቁሜ ሳጎላው የቢ ኑሩ እጅ ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። የኔ እጅ ደህና ነው፣ የሳቸው ብቻ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? ታዲያ ለምን የሳቸውን እጅ ብቻ መርጦ?

ትዋሊብ በድምፅ መልሶ ላከልኝ። ያኔ የነበሩት ካሜራዎች አንድን ሥዕል በአንዴ አያነሱትም ነበር። መጀመሪያ አንድ እየዘለሉ ግማሹን መስመር፣ ከዚያ መለስ ብለው የቀረውን ግማሽ። በመሃል የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም።

ስለዚህ የኔ እጅ ደህና የሆነው ስላልተነቃነቀ ነው። የሳቸው ማበጠሪያ የሆነው ስላላረፈ ነው።

ደጋግሜ አየሁት። አንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ቅጽበት ተሸምኗል። እጃቸው እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዱን ግማሽ ጥሎ ክፍተቱን የሚሞላ ማጣሪያ አገኘሁ። ትንሽ ይደበዝዛል ግን ማበጠሪያው ጠፋ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

አልሆነም። ቅጽበቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ እንደ ወረቀት ደራረብኳቸው። ሙሉው ሥዕል የሚታይበት አንድ እንኳ የለም። ሁልጊዜ የሳቸው እጅ ከላይ አለ፣ ወይ ሂናውን የሚጨምቁበት ሾጣጣ ላስቲክ፣ ወይ ጥላ። ሲጨርሱ ደግሞ ትዋሊብ ካሜራውን ወደ ሌላ ቦታ አዙሮታል።

ከዚህ ጣት፣ ከዚያ መዳፍ ቆርጬ ገጣጠምኩት። የጎደለውን በግምት ሞላሁ። ላስቲክ ላይ ቀድጄ ወሰድኩላቸው። ቢ ኑሩ ዛሬ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ላስቲኩን በግራ እጃቸው አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ሥዕል። ለጥፎ ቀለሙን ማፍሰስ ነው።»

«ማኅተም! እኔ ፖስታ ቤት ነኝ?» ወረወሩት። ማዕድ ቤት ድረስ ተንሸራተተ። «ይሄ ቅጠል ሞቷል። ይሄኛውም ሞቷል። ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ልጄን በዚህ አትድሪያትም።»

ተናደድኩ። ከሳምንት በላይ የደከምኩበት... ግን ስወጣ ደረጃው ላይ አሰብኩት። ትክክል ናቸው መሰለኝ። የኔ ግምት የሞላሁበት ቦታ ሁሉ ነው የሞተው። እንዴት በአንድ እይታ ለዩት? እጄ ነው የሚያውቀው ብለው አልነበር?


እሑድ፣ ሐምሌ 19

ባቱሊ «ያለ ሂና አገባለሁ» ብላ እናቷን አስለቀሰች። እናቷ ከኪሊንዲኒ ሌላ ሂና ቀቢ ቀጥራለች፣ ተደብቃ። ሁሉም ያውቃል፣ ከባቱሊ በስተቀር።

በመሃል «ሹዌካ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ» አለችኝ። ከባሕሩ ማዶ፣ ሊኮኒ ነው የምትኖረው አሉ፣ ልጅ ወልዳለች። ወሬ ቀየርኩ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21

የእጅ ኳስ ቡድኑ ማሊያ መጣ። ስማቸው በሙቀት ጨርቁ ላይ ይታተማል። ለዚያ ጽሑፉን መገልበጥ ያስፈልጋል፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ፤ ሲታተም ይስተካከላል። ስንት ጊዜ የሠራሁት ሥራ ነው። ዛሬም ገለበጥኩ።

የገለበጥኩት ግን ማሊያውን አልነበረም። የቪዲዮው መስኮት ከሥር ተከፍቶ ቀርቶ ኖሮ ቪዲዮውን ነው የገለበጥኩት።

ልመልሰው ስል እጄ ቆመ።

ስክሪኑ ላይ ቢ ኑሩ በግራ እጃቸው ሂና ይቀባሉ። ያለ አንዳች ማመንታት። ከእጅ አንጓ ተነስተው፣ ቅጠሉን ገፍተው፣ ጠቅልለው፣ ነጥብ... የግራ እጃቸው። ያልታመመው።

እስከ ዛሬ አንድ ያለቀ ሥዕል ነበር የምፈልገው። ቪዲዮ ይዤ ፎቶ ስፈልግ ነበር። እሳቸው ግን ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው ያሉት...

ማሊያውን ባዋዚር አተሙት። አንዱ ልጅ ስሙ ተገልብጦ ታትሞበታል። የኔ ጥፋት ነው። «መስታወት ፊት ሲቆም ይነበብለታል» አሉ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

ላፕቶፑን ይዤ ቢ ኑሩ ጋ ሄድኩ። ቪዲዮውን በጣም አዘግሜዋለሁ፣ አብርቼዋለሁ፣ ገልብጬዋለሁ። የማበጠሪያውን ሁለት ግማሽ እንዲሁ ከመጣል ለያይቼ በተራ ደረደርኳቸው፤ ሲዘገይ እጃቸው አሁን ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ከፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ይቺ ሴትዮ ግራኝ ናት» አሉ።

«እርስዎ ነዎት። እኔ ነኝ የገለበጥኩት።»

አንዴ አዩት። «መልሺው።» መለስኩት። «መልሺው።» እንደገና። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ተነሳ። አየር ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ደነገጡና መልሰው አስቀመጡት፣ ልክ ሰው እንዳያቸው።

እኔም ባቱሊም መስኮት መስኮት አየን።

ከዚያ «ሂና በጥብጪ» አሉ። ለባቱሊ ነው። «ቀጠን አድርጊው። ምን ቆመሽ ታፈጫለሽ?»


ዓርብ፣ ሐምሌ 24

የሰሃን ጀርባ ላይ ይለማመዳሉ። የመጀመሪያው የዶሮ እግር ይመስላል። ራሳቸው ናቸው ያሉት። ሾጣጣው በግራ እጃቸው ሲጨመቅ አንዴ ይደርቃል፣ አንዴ ይፈሳል። ተሳደቡ። ሾጣጣውን፣ እኔን፣ ትዋሊብን፣ በፋኖስ የቀረጸበትን ቀን...

ግድግዳው በኩል ያለው ትራስ ወደ በሩ ዞሯል።


እሑድ፣ ሐምሌ 26

ጥላ የሸፈነው ቦታ ላይ ስንደርስ ቪዲዮውን አቆምኩ። ብርሃኑን ሳብኩ፣ ምንም የለም። «እዚህ ጋ ምን እንዳደረጉ አይታይም» አልኳቸው።

«እኔም አላየሁትም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ሾጣጣውን አንስተው ሰሃኑ ላይ አንድ ነገር ሳሉ። ቅጠል አይደለም። የማዕበል ጫፍ ይመስላል፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ።

«እንደዚህ ነበር?»

«እንጃ። አሁን እንደዚህ ነው።»

ልጠይቃቸው የፈለግኩት ነገር ነበር። እጄ ያውቃል ሲሉ የቀኙን ብቻ ነው? የግራውስ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲያደርግ ነበር? የሙሽሮቹን እጅ ይዞ ነበር። እያንዳንዷን መስመር ከታች ሲያያት ኖሯል... አልጠየቅኩም። ሥራ ላይ ነበሩ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28

ባቱሊ ስለ ተቀጠረችው ሴትዮ አወቀች። ጉድ ፈላ። ቢ ኑሩ ከውስጥ ሆነው «ትምጣ! ለእግሯም ሰው ያስፈልጋል!» ብለው ጮኹ። ነገሩ በዚሁ በረደ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 30

የሂናው ቀን። ከዙህር ሶላት በኋላ ጀመሩ። ቤቱ በሴት ተሞልቶ መቀመጫ የለም። ላፕቶፑን ከፍቼ ጎናቸው ተቀመጥኩ። አንዴ እንኳ አላዩትም! «ዝጊው፣ ብርሃኑ ዓይኔን ያጭበረብረኛል።»

ቀኝ እጃቸውን ከባቱሊ ክንድ ሥር እንደ ትራስ አስገቡት። በግራቸው ጀመሩ። ተንቀጠቀጠ። አጠፉት፣ በሎሚ ጠረጉት፣ እንደገና ጀመሩ። ከእጅ አንጓ... ቅጠሉ... ያ የማዕበል ጫፍ። ከግማሽ በኋላ ደግሞ ወሬ ጀመሩ። ስለዚያ ዓሣ ነጋዴ! ሦስተኛ አግብቷል አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔ ግን እጃቸውን ነበር የማየው። ወሬ ሲጀምሩ መንቀጥቀጡ ቀነሰ።

አንድ መዳፍ ብቻ ጨረሱ፣ ቀኙን። ደከማቸው። የግራውን ያቺ የተቀጠረችው ሴትዮ ሠራችው፣ ንጹህ፣ ቀጥ ያለ። ሁለቱ እጆች አይመሳሰሉም። አንዷ የሙሽራው አክስት አጎንብሳ አየችና ቀስ ብላ «ይሄኛው ጠመም አላለም?» አለች።

ቢ ኑሩ ሰሟት። «አልጠመመም። ግራ ነው።»

ባቱሊ እጇን ለማንም አላሳየችም ለረጅም ጊዜ። ደረቷ ላይ ይዛው ተቀመጠች። ሂናው ልብሷን ነካው። ማንም አልተቆጣትም።


እሑድ፣ ነሐሴ 10

የቢ ኑሩ በር ክፍት ነው። ዛሬ ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፣ አንዷን እናቷ «ሌላ ጋ እንሂድ፣ እዚህ በአንድ ቀን አንድ መዳፍ ነው» ትላታለች። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

ለልምምድ ትቼላቸው የነበረውን ፍላሽ መለሱልኝ።

«ይቺን ሴትዮ ውሰጂልኝ።»

«አይፈልጓትም?»

«ጎበዝ ናት። ግን ከሷ መማሬን ጨርሻለሁ። አሁን የራሴ ሥራ አለኝ።»

ቤት ገባሁ። የባሕሩ ነፋስ መጋረጃውን ያንገላታዋል። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ሙሉውን ፋይል፣ ያልቆረጥኩትን። አሁን እንዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ፣ የሚያቅተኝ ነገር የለም። እጁ ጋ ደረሰ። ያለቀበት ጋ ደረሰ። ሁልጊዜ የማቆመው እዚያ ነው።

አላቆምኩትም።

ካሜራው ከእጄ ተነሳ። ክንዴ፣ ትከሻዬ... ፊቴ።

ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩት ሌላ ነው። «ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር፣ ያን ቀን ልቤ ደስ አላለውም» እያልኩ። ራሴም አምኜዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ግን ምንም አታውቅም። ደስ ብሏታል። ሁለት እጇ በእርጥብ ሂና ተይዞ እንደ ክንፍ ዘርግታዋለች፣ አፏ ሙሉ ነው፣ ሹዌካ ደግሞ ሌላ ሳምቡሳ ይዛ እያስከፈተቻት ነው። ሹዌካ ራሷ ከሳቋ የተነሳ እንባዋ ወርዷል። ፋኖሱ ከመሃላቸው አለ።

እንግዲህ ዋሽቼ አልነበረም ያን ቀን። ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ የመጣው በኋላ የመጣ ነው።

ብዙ አየኋት ያቺን ልጅ። አዘንኩላት? አይ። ወደድኳት መሰለኝ።

እዚያ ጋ አቆምኩት። ብርሃኑን ትንሽ ሳብኩ፣ ማበጠሪያውን አጠፋሁ። የሳምቡሳው ጫፍ ደብዝዟል፣ ተውኩት። የሹዌካን ቁጥር ከባቱሊ ተቀበልኩና ፎቶውን ላክሁት። ምንም አልጻፍኩበትም። ምን ይጻፋል?

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ሳህን አጠብኩ። ተመልሼ አየሁት።

«ሰሃን ሙሉ የነበረውን ሳምቡሳ ጨርሰሽብኝ ነው ደግሞ የጠፋሽው። ልጄን ይዤ ነገ በጀልባው ልሻገር? ቤት ነሽ?»

ነኝ አልኳት።